ቀላ ያለው ጥላ

ሟቹን ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የቆሻሻ ባልዲ ይዛ ወደ ኋላ ግቢ ወጣች፤ ባልዲውን በቀስታ አስቀመጠች፤ ደረጃውን ተመልሳ ወጥታ ለአለቃዋ፣ «ኩራዝ ወድቋል» አለቻት።

«ታዲያ አንሡታ» አለች አለቃዋ፣ ዓይኗን ከወረቀቷ ሳትነቅል።

«አይነሣም» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ።

ኩራዝ የመዝገብ ስሙ አልነበረም። ቢሮው አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር ያለ ሲሆን ሥራው ገና ያልተገነቡ ሕንፃዎችን ተገንብተው እንዳለቁ አድርጎ በኮምፒዩተር መሥራት ነው። በሙያው ላይ የተሰማሩት አራት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱን በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ግድግዳውንና ወለሉን የሚያቆመው «ግንበኛው» ነው። ዛፉን የምትተክለው፣ በረንዳው ላይ ሰው የምታቆመው «አትክልተኛዋ» ናት። ፀሐዩን የሚያወጣው፣ መብራቱን የሚያበራው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥላውን የሚጥለው ረጅምና ቀጭን ሰው «ኩራዝ» ተባለ። አራተኛዋ አለቃቸው ናት፤ በሌለችበት ምን እንደምትባል እዚህ ባይነሣ ይሻላል።

መርማሪዋ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰች። ሃምሳውን ያለፈች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ከወንጀለኛ ይልቅ ደረጃ የምትጠላ ሴት ናት። ሊፍቱ መበላሸቱን ሲነግሯት ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። ጡረታ ለመውጣት አራት ወር የቀረው ሳጅን ሬሳው አጠገብ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አላት። «ራሱን ነው የወረወረው። እዩት፣ ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች የላከው ፎቶ ይኸው። ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው የደረሳቸው።»

ፎቶው ላይ ግራጫ ሸሚዝ የለበሰ ሰው በጣሪያው ጠርዝ፣ ጉልበት ከማይደርሰው ግንብ አጠገብ ቆሟል። ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ወደ ታች ያያል። ጥላው ሲሚንቶው ላይ ተጋድሟል። ከበስተኋላው አንድ የአንቴና ምሰሶ አለ። ከሥሩ፣ «ደክሞኛል። ይቅር በሉኝ» የሚል ተጽፏል።

«በዚያ ሰዓት ሌሎቹ የት ነበሩ?»

«ሦስቱም ከደንበኛ ጋር ስብሰባ ላይ። ከሰባት ተኩል እስከ ስምንት ተኩል ማንም ከክፍሉ አልወጣም። ፎቶውንም ያዩት ከስብሰባው ወጥተው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ መጥታ ከነገረቻቸው በኋላ ነው።»

መርማሪዋ ጉልበቷን እየረገመች በርከክ አለች። የሟቹ እጆች ባዶ ናቸው። ግራጫ ሸሚዝ፣ ግራጫ ሱሪ፣ የተሰበረ ስልክ። ቀበቶውን ልብ ብላ አየችው። ከፋብሪካው ከተበሱት ቀዳዳዎች አልፎ በምስማር የተበሳ አንድ ተጨማሪ ቀዳዳ ነበረ፤ የቀበቶው ጫፍ ተርፎ በጎኑ ተንጠልጥሏል። ፎቶው ያለበትን ስልክ ከሳጅኑ እጅ ወስዳ እንደገና ተመለከተች። ከዚያ ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

«አምስት ፎቅ ነው ያልከኝ?»

«አምስት፤ ከጣሪያው ጋር ስድስት።»

«እሺ» አለችና መውጣት ጀመረች።

የሟቹ ሚስት እንግዳ መቀበያው ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ውሃ ሰጥተዋት ነበር፤ ብርጭቆውን ይዛዋለች እንጂ አልጠጣችም። መርማሪዋ አጠገቧ ስትቀመጥ ቀና ብላ አየቻትና ማንም ሳይጠይቃት ተናገረች።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ሆን ብሎ ነው?»

«ገና አላወቅሁም፣ እህቴ።»

«የስድስት ዓመት ልጅ አለችኝ። ጎረቤት አስቀምጫት ነው የመጣሁት። ወድቆ ከሆነ ወደቀ እላታለሁ። ሰው ጥሎት ከሆነም አንድ ቀን እነግራታለሁ። ትቶን ሄዶ ከሆነ ግን…» ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። «ሌላው ሁሉ ለእኔ አንድ ነው።»

«ሰሞኑን ምን ይመስል ነበር?»

«አይበላም። ሌሊት አይተኛም። ‹አንድ ነገር አለ፤ ሳበቃ እነግርሻለሁ› ይለኛል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። አሁን ሳስበው መተው አልነበረብኝም።»

«ቀበቶውን የበሳሽለት አንቺ ነሽ?»

«ከሁለት ሳምንት በፊት፣ በምስማር። ሱሪው እየወረደ አስቸገረው።»

መርማሪዋ ፎቶውን አሳየቻት። ሚስቲቱ ረጅም ጊዜ አየችው። ፊቷ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም፤ ድርቅ ብሎ ቀርቷል።

«እሱ ነው» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ግን እዚህ ላይ አልከሳም» አለች።

«ልብሱስ?»

«ልብሱማ ያው ነው። ከግራጫ ሌላ አይለብስም። ስድስት ሸሚዝ አለው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።»

አለቃዋ ክፍሏ ውስጥ ቆማ ነበር። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ወንበር ላይ መቀመጥ የጠላች ትመስላለች፤ አንዴ መስኮቱ ጋ፣ አንዴ ጠረጴዛው ጋ ትላለች።

«ዛሬ ጠዋት ተጣልታችኋል ተባለ» አለች መርማሪዋ።

«ተጣልተናል ለማለት ይከብዳል። እሱ ተናገረ፤ እኔ ጮኽኩ።»

«ምን ተናገረ?»

አለቃዋ ከመሳቢያዋ ሁለት ሥዕል አውጥታ ዘረጋች። በሁለቱም ላይ ያለው አንድ ሃያ ፎቅ ሕንፃ ነው፤ ዙሪያው ትንንሽ ቤቶች። በመጀመሪያው የሕንፃው ጥላ አስፋልቱ ላይ ያርፋል። በሁለተኛው አሥራ አንድ ቤቶችን ከነግቢያቸው ይውጣቸዋል። ከሁለተኛው ሥር በእርሳስ፣ «ሰሜኑ ተሳስቷል» ተብሎ ተጽፏል።

«የቱ ነው እውነቱ?»

«እሱ ሁለተኛው ነው አለ። በብርድ ወራት እነዚያ ሰዎች ፀሐይ አያዩም ማለት ነው። ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ያየው ግን የመጀመሪያውን ነው፤ ፈቃዱም ወጥቷል፤ ቁፋሮው ተጀምሯል። ነገ ሦስት ሰዓት የሠፈሩ ሰዎች የሚጠሩበት ስብሰባ አለ። ‹እዚያ ሄጄ እናገራለሁ› አለኝ። ‹እስከ ዛሬ የት ነበርክ?› ብዬ ጮኽኩበት። ከዚያ ‹የፈለግኸውን አድርግ› አልኩት። እውነቴን ነው፤ የፈለገውን ያድርግ ብዬ ነበር። በኋላ ፎቶውን ሳየው በእኔ ጩኸት መሰለኝ።»

«የመጀመሪያውን የሠራው ማነው?»

«ግንበኛው። ፊርማውም የእሱ ነው። ግን ስሕተት ነው እንጂ ተንኮል አይደለም። ሥራ እንዲቀለው ሕንፃውን ከስክሪኑ ጋር ትይዩ አድርጎ ያዞረዋል፤ ሰሜኑን ግን መልሶ ማዞር ረስቷል። ሰሜኑ ሲዞር ፀሐይዋም አብራ ትዞራለች።»

«የዛሬው ፎቶ ከየት እንደተላከ ታውቂያለሽ?» ብላ ጀመረችና መርማሪዋ ራሷን አረመች። «ያውቃሉ?»

«አየሁት። ኩራዝ ጠረጴዛ ላይ ካለው ኮምፒዩተር ነው፤ በሰባት ከአርባ እንዲሄድ ቀድሞ የተቀጠረ። ራሱን በስልኩ አነሣ፣ ወደ ኮምፒዩተሩ አስገባ፣ ቀጠረው፣ ተመልሶ ወጣ። ሰው ሊሞት ሲል እንዲህ ይደረድራል እንዴ? ኩራዝ ግን ሥርዓት ይወድ ነበር።»

«አንቺስ በስድስትና በሰባት ሰዓት መካከል የት ነበርሽ?» መርማሪዋ ይህን ጊዜ አልታረመችም።

«እዚሁ። ብቻዬን። ምስክር የለኝም።» አለቃዋ በመጨረሻ ተቀመጠች። «እኔ ኮምፒዩተር ደብዳቤ ከማየት አልፌ አልነካም፤ ይኼ የሚጠቅመኝ ከሆነ።»

ግንበኛው ጓደኛው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ምሳ አብረው በልተዋል፤ የኩራዝ ልጅ ስትወለድ ሆስፒታል የወሰዳቸው እሱ ነው። ዓይኑ ቀልቷል። ክፍሉ በኮምፒዩተሮቹ ሙቀት እንደ ምድጃ ቢግልም ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ ተቀምጧል፤ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል።

«ሙቀት ነው፤ አውልቀው» አለችው መርማሪዋ።

«ብርድ ብርድ ይለኛል። ድንጋጤው ነው መሰለኝ።»

«ምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ወጥቼ ትንሽ ተራመድኩ። አልበላሁም። ከዚያ ለስብሰባው ሥዕል ስለነበረኝ ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ።»

«ስለ ሰሜኑ ስሕተት ታውቅ ነበር?»

«ነግሮኛል» አለ። «ፈቃድ የሚያሰጠውን ፈተና ያለፍኩት በአራተኛው ጊዜ ነው፤ ያውቃሉ? ሦስት ጊዜ ወድቄ። ያቺን ፊርማ ለማግኘት ስምንት ዓመት ፈጅቶብኛል።» እጆቹን አየ። «ግን ስሕተቱ የእኔ ነው። እሱ ለምን በእኔ ስሕተት እንደሚከሳ አይገባኝም ነበር።»

መርማሪዋ አላዘነችለትም ማለት ውሸት ይሆናል። አዘነችለት፤ መዝገቧ ላይ ግን «ጃኬት» ብላ ጻፈች።

ከዚያ ጣሪያው ላይ ወጣች። ሲሚንቶው ግራጫ፣ ግንቡ በኖራ የተቀባ፣ የውሃ ታንከሩ ጥቁር ነው። መሃል ላይ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ አለ፤ ጫፉ ላይ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ፣ ብርቱካን የሚያህል የብረት ኳስ ተቀምጧል። ኳሱ ውስጥ ሰማዩም፣ ታንከሩም፣ የራሷ የተጣመመ ፊትም ይታያሉ። ፊት ለፊቱ አንድ ካሜራ ቆሟል። ካሜራውን ከፈተችው፤ አንድም ፎቶ የለበትም። ዞር ዞር ብላ አየችና በእርጋታ ወረደች። ከሳጅኑ በቀር ሲወርዱ ጉልበት የበለጠ እንደሚያም የሚያውቅ አልነበረም።

አትክልተኛዋ ሃያዎቹን ያጋመሰች፣ ቢጫ ቀሚስ የለበሰችና ቀይ ሻርፕ አንገቷ ላይ የጠመጠመች ልጅ ናት። ፎቶውን ትልቁ ስክሪን ላይ እንድትከፍት መርማሪዋ ጠየቀቻት።

«ያ ኳስ ምንድነው?»

«የኩራዝ ኳስ ነው። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ወጥቶ ፎቶ ያነሣዋል። ኳሱ ዙሪያውን ያለውን ብርሃን ሁሉ ይሰበስባል፤ ሰማዩን፣ ግድግዳውን፣ ሁሉን። እኛ ሥዕል ስናወጣ ፕሮግራሙ የመጨረሻውን የኳስ ፎቶ በራሱ ይወስድና ሥዕሉን በዚያ ብርሃን ያበራዋል። እሱ ነው እንደዚያ ያስተካከለው። ጥላው እውነተኛ እንዲመስል።»

«ጥላ ጥላ ነው። ጥቁር ነው። ምን ብርሃን ይፈልጋል?»

አትክልተኛዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «እኔም መጀመሪያ ቀን እንዲህ ስለው ተቆጣኝ። ጥላ ጥቁር አይደለም። ፀሐይዋ ብትከለልም ሰማዩ ያበራል፤ አጠገብ ያለውም ነገር ያበራል። ክፍት ቦታ ላይ ያለ ጥላ ወደ ሰማያዊ ያደላል። አጠገቡ አረንጓዴ ግድግዳ ካለ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ለዚህ እኮ ነው ግራጫ ብቻ የሚለብሰው። ኳሱን ሲያነሣ የእሱ ልብስ ጥላውን እንዳያቀልመው። እኛ ከወጣን ደግሞ ‹ታንከሩ ኋላ ሂዱ› ይለናል።»

መርማሪዋ የስድስቱን ሸሚዞች ነገር አሰበች። «የዛሬውን የኳስ ፎቶ አሳዪኝ።»

ልጅቷ ፈለገች። «የለም። የትናንቱ ነው የመጨረሻው። እንዴ? ካሜራው በራሱ እኮ ነው የሚልከው። ኩራዝ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም።»

«አሁን ይኼን ጥላ እይው። የምሰሶውንና የሰውየውን።»

አትክልተኛዋ ጠጋ አለች። ምሰሶው ሥር የጥላው ጠርዝ እንደ ተቆረጠ ወረቀት የጠራ ነው፤ ወደ ጫፉ ሲሄድ ይለሰልስና ይደበዝዛል። የሰውየው ጥላ ግን ከጫማው እስከ ራሱ አንድ ዓይነት ልስላሴ አለው። የልጅቷ እጅ አፏ ላይ ሄደ።

«ይኼ ጥላ የወደቀ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «የተሠራ ነው። ባቋራጩ መንገድ። ሲቸኩሉ የሚጠቀሙበት ነው፤ ጠርዙን ሁሉ እኩል ያለሰልሰዋል።»

«ሰውየውስ?»

«የእኛ ሁላችን ሰውነት ኮምፒዩተሩ ውስጥ ተቀርጾ ተቀምጧል። ሥዕሎቻችን ውስጥ መንገደኛ እናደርገዋለን። የኩራዝ አምና የተቀረጸ ነው።» ፎቶውን እንደገና አየችው። «አምና ወፍራም ነበር።»

«ባቋራጩ መንገድ የሚሠራው ማነው?»

«እኔ የሰዎቼን ጥላ በእጄ ነው የምቀባው። ግንበኛው ነው በአቋራጩ የሚጠቀመው፤ ግድግዳው ትክክል መቆሙን ለማየት ይበቃዋል። ኩራዝ ‹የአንተ ፀሐይ የእጅ ባትሪ ናት› እያለ ይቀልድበት ነበር። ግን ቢቸኩል ማንም ሊጠቀምበት ይችላል፤ እኔም ጭምር።»

«ቀለሙን ለክተሽ ንገሪኝ።»

ልጅቷ ጠቋሚውን በምሰሶው ጥላ ላይ አሳረፈች፤ ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ። በሰውየው ጥላ ላይ አሳረፈች። ሁለቴ ሞከረች።

«ቀላ ያለ ነው» አለች። «ጣሪያው ላይ ግን ቀይ ነገር የለም።»

«የለም። አይቻለሁ።»

መርማሪዋ የልጅቷን አንገት ታይ ነበር። አትክልተኛዋ ምን እንደሚታይ ገባትና ሻርፑን በእጇ ያዘች።

«ይኼ ቀይ ነው» አለች።

«ነው።»

«ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ወጥ ቤት ምሳ እየበላሁ ነበር። ሁልጊዜ አብረን ነው የምንበላው። ጠይቋት።»

«ጠይቄያታለሁ» አለች መርማሪዋ። «ሰላጣሽን አልጨረስሽም አለችኝ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሚስቲቱን ከመስኮቱ ራቅ አድርገው አስቀመጧት። አለቃዋ፣ አትክልተኛዋና ግንበኛው ጠረጴዛውን ይዘው ተቀመጡ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፤ ሳጅኑ በሩ ላይ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ነጩን ግድግዳ ሞልታዋለች።

መርማሪዋ እርሳስ አወጣችና ግድግዳው ላይ አስጠጋችው። የእርሳሱ ጥላ በግልጽ ታየ። ከዚያ ቀስ እያለች ራቅ አደረገችው፤ ጥላው እየሳሳ፣ ጠርዙ እየደበዘዘ ሄደ።

«እኔ የኮምፒዩተር ነገር አላውቅም» አለች። «ይኼን ግን ሕፃን ያውቀዋል። ፀሐይ ነጥብ አይደለችም፤ ስፋት አላት። ጥላ ከጣለው ነገር አጠገብ ይጠራል፣ ሲርቅ ይደበዝዛል። ፎቶው ላይ የምሰሶው ጥላ ይህን ሕግ ያከብራል። የኩራዝ ጥላ ግን አያከብርም። ስለዚህ ምሰሶው እዚያ ነበረ፤ ኩራዝ አልነበረም። ሚስቱ ባየችው ጊዜ ‹አልከሳም› ያለችው እውነቷን ነው። ያ ሰውነት የአምናው ነው።»

ሚስቲቱ ቀና አለች።

«ፎቶው ከተሠራ፣ መልእክቱም የእሱ አይደለም» ብላ ቀጠለች መርማሪዋ። «ሰው ሊሞት ሲል ፎቶውን አይፈበርክም፤ ወጥቶ ይነሣል። ሠሪው ሌላ ሰው ነው። በሰባት ከአርባ እንዲደርስ የቀጠረው በዚያ ሰዓት ራሱ ስብሰባ ላይ እንዲታይ ነው። አለቃችሁ ኮምፒዩተር ደብዳቤ ከማየት አልፋ አትነካም፤ ከዚህ ክፍል ያን መሥራት የሚችሉት ሁለት ናቸው፤ ግንበኛውና አትክልተኛዋ።»

አለቃዋ ጠረጴዛውን ታያለች።

«አሁን ወደ ኳሱ። ኩራዝ ዛሬም ወጥቶ አንሥቶታል፤ ማቆሚያው እንደቆመ ነው። ፎቶው ግን ከካሜራውም ከኮምፒዩተሩም ጠፍቷል። ለምን? ኳሱ ዙሪያውን ሁሉ ስለሚያሳይ፣ አጠገቡ የቆመውንም ሰው ስላሳየ። ገዳዩ ይህን ያውቃል፤ አጠፋው። ግን የሐሰቱን ሥዕል ከሠራ በኋላ ነው ያጠፋው። ፕሮግራሙ ደግሞ ማንንም ሳይጠይቅ የመጨረሻውን የኳስ ፎቶ ይወስዳል። ኩራዝ እንደዚያ አድርጎ አስተካክሎታል። የጠፋው ፎቶ ብርሃን ጥላው ውስጥ ቀርቷል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ጥላው ቀላ ያለ ነው። ጣሪያው ላይ ቀይ ነገር የለም። ኳሱ ሲነሣ ቀይ የለበሰ ሰው አጠገቡ ቆሞ ነበር።»

አለቃዋ ዞራ የአትክልተኛዋን ሻርፕ አየች። አትክልተኛዋ አልሸሸችም።

«እሷ ከስድስት እስከ ሰባት ወጥ ቤት ነበረች። እማኝ አላት» አለች መርማሪዋ። ከዚያ ወደ ግንበኛው ዞረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ወንድሜ፣ ጃኬትህን ክፈተው።»

የግንበኛው እጅ በራሱ የሚሄድ ይመስል ወደ አንገቱ ሄዶ ዚፑን ጎተተው። ከሥሩ ቀይ ሹራብ ለብሷል። ከትከሻው ላይ ስፌቱ ተቀዶ እጅጌው ተንጠልጥሏል።

«ሊይዘኝ ነበር» አለ። «ሲወድቅ።»

ሳጅኑ ከበሩ ጠጋ አለ። መርማሪዋ በእጇ አስቆመችው።

«ልገፋው አልወጣሁም» አለ ግንበኛው፤ የሚያወራው ለጠረጴዛው ነበር። «ልለምነው ነው የወጣሁት። አንድ ዓመት ቆይ፣ ሕንፃው ይቁም፣ በኋላ ማንም አይጠይቅም አልኩት። ታንከሩ ኋላ ሂድ አላለኝም፤ ረሳው። ካሜራውን ተጭኖ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ፊርማዬን ብቻ ነበር የማስበው። ገፋ ሳደርገው ግንቡ ጉልበቱን መታው። ያ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ባዶውን ጣሪያ በስልኬ አነሣሁና ወርጄ ፎቶውን ሠራሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። እስካሁንም አልገባኝም እንዴት እንዳልተንቀጠቀጠ።»

ሚስቲቱ ወደ ግንበኛው ዞረች።

«ከመገፋቱ በፊት ምን አለህ?»

ግንበኛው ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ በፊት ዓይኗን ሊያይ አልደፈረም።

«‹ነገ አብረን እንሂድ› አለኝ። ‹አንተ ተናገር፤ ስሕተት ነው በል። እኔ ከጎንህ እቆማለሁ።›» አትክልተኛዋ ታለቅስ ነበር። ሚስቲቱ ግን አንገቷን ነቀነቀች፤ ባሏ እንዲህ ብሎ እንደሚናገር አስቀድማ የምታውቅ ሰው አነቃነቅ።

ሳጅኑ ሰውየውን ይዞ ወረደ። አለቃዋ ሁለተኛውን ሥዕል አንሥታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ለማንም ሳይሆን፣ «ነገ ሦስት ሰዓት እሄዳለሁ» አለች። መርማሪዋ የሚስቲቱን ክንድ ይዛ ደረጃውን አብረው ወረዱ። በየፎቁ ያርፉ ነበር፤ የደከመችው መርማሪዋ ናት።

«ትቶን አልሄደም» አለች ሚስቲቱ ሦስተኛው ፎቅ ላይ።

«አልሄደም።»

«ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ምንም አይሰማኝም።»

«ዛሬ አይሰማሽም» አለቻት መርማሪዋ። እሷም ከሃያ ዓመት በፊት ባሏን ስትቀብር ይህን የነገራት ሰው አልነበረም።

የኩራዝ ልጅ ጎረቤት ቤት ወለል ላይ ተቀምጣ ትሥል ነበር። እናቷ ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገቧ ተቀመጠች። ከአውቶቡሱ ጀምሮ ስትለማመደው የመጣችውን አንድ አረፍተ ነገር ነገረቻት።

«አባዬ እኮ ትቶን አልሄደም፣ የእኔ ልጅ። ወደ እኛ ሊመጣ ነበር።»

ልጅቷ እርሳሷን አስቀምጣ አየቻት።

«ታዲያ ለምን አይመጣም?»

እናቲቱ ልጇን አቅፋ፣ ጎረቤቷ መጥታ መብራቱን እስክታበራ ድረስ እዚያው ወለሉ ላይ ቆየች።